የወንበር ልብስ

ሰኔ 10

ዛሬ የሮሐ ቀሚስ ተቀደደ። ጥፋቱ የመኪናዬ ነው። ከፊተኛው ወንበር ጨርቅ ብቅ ያለች የሽቦ ጫፍ ነበረች፤ ካርቶን አድርጌባት ነበር። ካርቶኑ ተንሸራቶ ኖሮ ሽሮ ሜዳ ደርሰን ስትወርድ ጨርቅ ሲቀደድ ሰማን። እሷ ሳቀች። “አይዞህ፣ አሮጌ ነው” አለችኝ። አሮጌ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰችው።

ሮሐ ከክሊኒካችን ጋር ግድግዳ በሚጋራው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። እኔ ላቦራቶሪ ነኝ። ክረምት ሲሆን ከጳውሎስ ወደ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ማግኘት ጭንቅ ስለሆነ ከአምና ጀምሮ ከሥራ ስንወጣ አደርሳታለሁ። “መንገዴ ነው” እላታለሁ። ቤቴ አዲሱ ገበያ ነው፤ አልፌው ሄጄ ነው የምመለሰው። አንድም ቀን “እንዴት መንገድህ ይሆናል?” ብላኝ አታውቅም።

ሰኔ 13

የወንበር ልብስ ገዛሁ። ቡናማ ሌዘር፣ በቪትዝ ልክ የተሰፋ። ሻጩ “እዚሁ እናልብስልህ፣ ሻይ ጠጥተህ እስክትመጣ ያልቃል” አለኝ። ራሴ አለብሰዋለሁ አልኩት። እነሱ ሲያለብሱ አይቻለሁ። ጎተት አድርገው ያስሩታል፣ በወሩ እንደ አሮጌ ካልሲ ይወርዳል።

ለሮሐ ነገርኳት። “ራስህ? አንተ?” ብላ ሳቀችና “ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ እይዝልሃለሁ” አለች። ራሴ ለመሥራት የወሰንኩት ግን እሷ ይህን ከማለቷ በፊት ነው። ቅደም ተከተሉ ይታወቅልኝ።

ሰኔ 14

ቅዳሜ። ዝናብ። መኪናዋን ክሊኒኩ ግቢ፣ የጄነሬተሩ ቆርቆሮ ሥር አስገባኋት። ሌዘር በብርድ እንደ ደረቅ ቂጣ ነው፤ አልታጠፍ አለ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ይገባ ነበር፤ በሰኔ ፀሐይ ከየት ይመጣል። የራስ ትራሶቹን ብቻ አልብሰን ዋልን።

መብራት ጠፍቶ ጄነሬተሩ ሲነሣ ሮሐ ሌዘሩን አንሥታ ሞቃቱ አየር የሚወጣበት ጎን ያዘችው። ለሰለሰ። እኔ አላሰብኩትም ነበር። መብራቱ ሲመጣ ሁለታችንም ትንሽ ከፋን።

ሰኔ 21

መደገፊያውን ጀመርን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ልብሱ ከላይ ወደ ታች ይጠለቃል። ከዚያ ጫፉ በመደገፊያውና በመቀመጫው መካከል ባለው ቀዳዳ ገብቶ በኋላ በኩል ይወጣል። አንድ ሰው ከፊት ይገፋል፣ አንዱ ከኋላ ይስባል። ሮሐ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ወንበሩ መካከላችን ስለሆነ አንተያይም። ለወሬ ግን ይመቻል። ፊት ለፊት ብንሆን የማትለውን ሁሉ ስታወራ ዋለች፤ አባቷ የጋቢ ሱቁን ለወንድሟ ሊያስረክብ እንደሆነ፣ እናቷ በየቀኑ ስለ ጋብቻ እንደምታነሣባት፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላት ያለቀሰችው እሷ ሳትሆን እናቷ እንደሆነች።

“አንተስ ማንም አይጨቀጭቅህም?” አለችኝ ከወዲያ።

“እናቴ ከሞተች ወዲህ ጨቅጫቂ የለኝም።”

“ታድለህ” አለች። ቆይታ ደግሞ “አልታደልክም” አለች።

እማማ ቦሰና፣ የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ፣ ባልዲ ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉ። “ዘርዬ፣ ይሄ ወንበር ነው ወይስ ሙሽራ?” ሮሐን ደግሞ ጠቀሷት። አልወደድኩትም። ወይም ወደድኩት። እኔ እንጃ።

ሽፋኑ ሲያልቅ ለሮሐ የምነግራት ነገር አለ። ሥራን ከወሬ ጋር መቀላቀል ደግ አይደለም።

ሰኔ 25

ሥራ በዛ። ታይፎይድ፣ ታይፎይድ፣ ታይፎይድ። ሮሐ “ቅዳሜ እንቀጥላለን አይደል?” ብላ በመስኮት ጠየቀችኝ። አዎ አልኩ። ምሳ አልበላሁም፤ አልራበኝም።

ሐምሌ 5

ተሳሳትኩ፤ ስሕተቱም የሚያስቅ ነው። “ሾፌር” የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ልብስ ሾፌሩ ወንበር ላይ አጥልቄ፣ ስቤ፣ መንጠቆውን ሁሉ ካሰርኩ በኋላ መደገፊያውን ለሚያስተኛው እጀታ የተበሳው ቀዳዳ በተቃራኒው ጎን ሆኖ ተገኘ። ሻጩን ስረግም ቆየሁ። በኋላ ነው የገባኝ። መኪናዬ ከጃፓን ስትመጣ መሪዋ በቀኝ ነበር፤ እዚህ ነው ወደ ግራ የዞረው። መሪውን ሲያዞሩ ወንበሮቹን አልነኳቸውም። ስለዚህ የሾፌሩ ወንበር ሮሐ የምትቀመጥበት ነው።

“እንግዲያው እስከ ዛሬ የምነዳህ እኔ ነበርኩ በለኛ!” አለች።

ሁሉንም አወለቅን። እንደገና ከሀ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኳት። “እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ዶሮዋ አረጀች” አለችኝ። ስቄ አለፍኩት። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አላሳቀኝም።

ሐምሌ 12

የሮሐ ወንበር አለቀ። ጥሩ ሆኗል። እሷ ከሄደች በኋላ ጥጉ ላይ የጣት ያህል ተጨማዶ አየሁት። አወለቅሁት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ።

እማማ ቦሰና ሳወልቅ አዩኝ። ምንም አላሉም። ምንም ሳይሉ ሲቀሩ ነው የሚያስፈሩኝ።

ሐምሌ 19

እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

“ማቲያስ የሚባል ሰው ታውቃለህ?” አለችኝ።

አውቀዋለሁ። በአንድ ጽዋ ማኅበር ነን፤ ሒሳብ አስተማሪ ነው።

“በዘመድ አስጠይቆኛል። እናቴ በደስታ ልትበር ነው። ከፍልሰታ በኋላ ሽማግሌ እንልካለን ብለዋል።” ልብሱን መግፋት አቆመች። እኔም መሳብ አቆምኩ። “ምን ልበላቸው?”

ጄነሬተሩ ዝም ብሎ ነበር። ዝናቡም። እኔ እጄ ላይ ያለውን ላስቲክ አየሁት።

“እስኪ እዚያች ጋ ገፋ አድርጊልኝ፣ ይዞብኛል” አልኳት።

ገፋች። በጣም ነው የገፋችው፤ መንጠቆው እጄን ጫረኝ።

ሐምሌ 20

ትናንት ማለት የነበረብኝ ሌላ ነው። “እምቢ በያቸው” ማለት ይቻል ነበር። ከሁለት ቃል አይበልጥም። ሸምግዬ ነው መሰለኝ፣ አፌ እንደ ብርድ ሌዘር ሆኗል። ግን ሽፋኑ ሲያልቅ እነግራታለሁ ብያለሁ። ያልኩት ነገር አለ።

ሐምሌ 26

የፊቶቹ ሁለቱም አለቁ። የእውነት አለቁ፤ የሚወለቅ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሮሐ ስትገባ ጫማዋን አራግፋ ገባች። በእጇ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ተደገፈች። ሰሜን ማዘጋጃ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ረጅም ጊዜ ቆምን። የመስታወት መጥረጊያው ወዲህ ወዲያ ይላል።

“አምሮባታል” አለች።

“አምሮባታል።”

“አሁንስ ምን ቀረ?”

ወደ እኔ ዞራ ነበር። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር።

“የኋላው ይቀራል” አልኩ።

እሷም ወደ ፊት ዞረች። ሽሮ ሜዳ ስትደርስ አመሰግናለሁ ብላ ወረደች። ሁልጊዜ “ቻው ነገ” ነበር የምትለው።

ነሐሴ 3

ዛሬ ጋሽ ስብሐት መጡ። የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን ናቸው፤ የስኳር ምርመራ አላቸው። ጣታቸውን ወግቼ ደሙን ስወስድ “አንተን ፈልጌ ነበር” አሉኝ። “አንድ ቤት አብረኸን ትቆማለህ። ቄሱ አሉ፣ እኔ አለሁ፣ ሦስተኛ ጎደለን። አንተ ረጋ ያልክ ነህ፣ ሸብተሃል፣ መኪናህም አምሮባታል አሉ።”

ሽማግሌ ሁን የተባለ ሰው የማን ቤት ነው ብሎ አይመርጥም። አባቴም እንዲያ ነበር። “እሺ ጋሼ” አልኩ።

“ለማቲያስ ነው። ሽሮ ሜዳ፣ የጋቢ ነጋዴው የአቶ ተክለሃይማኖት ልጅ። መድኃኒት ቤት የምትሠራው፤ ሳታውቃት አትቀርም።”

“አውቃታለሁ” አልኩ።

ጥጡን ጣታቸው ላይ አድርጌ እንዲጫኑት ነገርኳቸው። የስኳራቸው ውጤት ደህና ነው።

ነሐሴ 9

ጋሽ ስብሐት ቤት ሄድኩ። ቢቀርብኝ አልኩ። ሥራ፣ ፈረቃ፣ ምናምን። ጋሽ ስብሐት እስክጨርስ ጠበቁኝ።

“ዘርዓብሩክ፣ ሥራማ ሁላችንም አለን። እሺ ካልክ በኋላ ስትቀር ሰው ‘ምን አይቶበት ነው?’ ይላል። የልጁን ስም ነው የምታጠፋው። የምታውቅበት ነገር አለ እንዴ?”

“የለም።”

“ከልጅቷ ቤት ጋር የተቀያየማችሁት ነገር አለ?”

“የለም።”

ትንሽ አዩኝ። “አንተስ ራስህ የሆንከው ነገር አለ?”

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ነው እዚያ ድረስ ያስኬደኝ። እሱን እንዲጠይቁኝ ነበር የሄድኩት።

“የለም” አልኩ።

ነሐሴ 11

ማቲያስን ከቅዳሴ በኋላ አየሁት። ጉድለት ፈለግሁበት። አይጠጣም። ተማሪዎቹ መንገድ ላይ ሲያዩት አይሸሹትም። እናቱን ደግፎ ደረጃ ሲያወርድ ነበር። እጄን በሁለት እጁ ይዞ “ጋሼ፣ ውለታህን አልረሳም” አለኝ። በሰባት ዓመት ነው የምበልጠው፤ ጋሼ አለኝ። ደህና ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ምን ነበረበት።

ነሐሴ 15

ሮሐ ፍልሰታን ትጾማለች፤ ከኪዳን በቀጥታ ሥራ ትገባለች፣ ፊቷ ከስቷል። የኋላውን ወንበር ብቻዬን እያለበስኩ ነው። ገፍቼ ዞሬ እስባለሁ፣ ስቤ ዞሬ እገፋለሁ።

ስናመሽ አደረስኳት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ መሆኔን መንገር ነበረብኝ። ከጳውሎስ እስከ ሽሮ ሜዳ ስለ ነዳጅ ሰልፍ አወራኋት።

ነሐሴ 25

ሄድን።

ጋሽ ስብሐት ፊት ተቀመጡ፣ ሌዘሩን መታ መታ አድርገው “እንዴት ይመቻል!” አሉ። ቄሱ ከኋላ። ሁላችንም ነጭ ለብሰናል። እኔ የአባቴን ከዘራ ይዣለሁ።

በሩን የከፈቱት እናቷ፣ ወይዘሮ ብርቅነሽ ናቸው። መጀመሪያ መኪናዋን አዩ። ያውቋታል፤ ከአምና ክረምት ጀምሮ በራቸው ላይ ስትቆም ኖራለች። ከዚያ ቄሱንና ጋሽ ስብሐትን በመስታወቱ አዩ። ፊታቸው በራ። ወደ ኋላ ዞረው የሆነ ነገር ተናገሩ፣ ሮሐ እየሮጠች መጣች። እሷም መኪናዋን አየች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

እኔ ይህን ጊዜ ከሾፌሩ በር ወረድኩ። ጋቢዬን አስተካከልኩ፣ ከዘራዬን ያዝኩ። የሚያገባ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይመጣም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ይህን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ሮሐ አየችኝ። ጋቢውን አየች፣ ከዘራውን አየች። ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ወጉ ነው። ተቀመጡ አሉን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አልን። ጋሽ ስብሐት ተናገሩ፣ ቄሱ አከሉ፣ እኔ ቆምኩ። አቶ ተክለሃይማኖት ለረጅም ጊዜ እኔን ነበር የሚያዩት። “ልጃችንን እናማክራለን፤ ከዘመን መለወጫ በኋላ ባለችው እሑድ ተመለሱ” አሉ። ወይዘሮ ብርቅነሽ ስንወጣ አልሸኙንም።

ጋሽ ስብሐት መንገድ ላይ “ጥሩ አቀባበል ነው” አሉ።

ነሐሴ 27

ሮሐን ጠበቅኋት፤ በኋላ በር ወጥታለች። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ አየኋት፣ ዝናብ ይመታታል። ጥሩምባ ነካሁ። ፊቷ የቆመችው ሴትዮ እንኳ ዞረች።

የኋላው ወንበር አለቀ። አንድም የተጨማደደ ቦታ የለበትም።

ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ። የሰፈሩ ልጆች እየዘለሉ ይታጠቡበታል። እማማ ቦሰና ወደ ላቦራቶሪው ገብተው መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

“ወንበር ስታለብስ ክረምቱ አለቀ” አሉኝ። “ለሰው ሽማግሌ ሄድክ አሉ።”

“አዎ እማማ።”

“ጅብ ከሄደ እንኳ ውሻ ይጮኻል። አንተ እሱንም አልጮህክም።”

ወለሉን ጠርገው ወጡ።

እወዳታለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አምና ቀዝቃዛ ሻይ በእጇ ይዛ የደም ናሙና ሲወሰድበት የሚያለቅስ ሕፃን ስታባብል ካየኋት ቀን ጀምሮ እወዳታለሁ። ወረቀት ላይ ሲሆን ምን ይከብዳል።

መስከረም 2

ዛሬ ልነግራት መድኃኒት ቤት ገባሁ። ሰው ሁለት ሦስት ነበር፤ ወረፋ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ባንኮኒው ወዲያ ቆማለች።

“ምን ልስጥህ?”

“የራስ ምታት መድኃኒት።”

አመጣች፤ አወሳሰዱን ለማያውቅ ሰው እንደሚነገረው ነገረችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

“ሌላ የምትፈልገው ነገር አለ?”

ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ዞሬ አረጋግጫለሁ።

“የለም። እንኳን አደረሰሽ” አልኩ።

“እንኳን አብሮ አደረሰን” አለች።

መስከረም 4

ቆምን እንደ ወጉ። ክፍሉ ውስጥ አዲስ ሣር ተጎዝጉዟል። የጓዳው በር መጋረጃ ነው፤ ከሥሩ የሮሐ ጫማ ይታያል። ሌላ ሰው አላየው ይሆናል።

አቶ ተክለሃይማኖት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ልጃችንን ጠይቀናል። እምቢም እሺም አላለችም። ‘ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔን ያውቀኛል፣ ልጁንም ያውቀዋል። እሱ ይናገር፤ እሱ ያለው ይሁን’ ብላለች።” ወደ እኔ ዞሩ። “ዘርዓብሩክ፣ አንተን ነው።”

ጋሽ ስብሐት ደስ አላቸው፤ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

ስለ ማቲያስ ተናገርኩ። ስለ ሥራው፣ ስለ እናቱ፣ ስለማይጠጣ። አንድ ውሸት የለበትም። ጥሩ ተናገርኩ፤ ቄሱ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ስጨርስ አቶ ተክለሃይማኖት ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

“እሱን አይደለም የጠየቀችው” አሉኝ ቀስ ብለው። “ደህና ሰው መሆኑን እኛም ሰምተናል። ‘ታግባው’ ትላለህ ወይ? ይህን ነው ከአፍህ መስማት የፈለገችው።”

ጫማው ከመጋረጃው ሥር አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችኝ፤ የትኛዋ እንደሆነች አውቃለሁ። ጋሽ ስብሐት ይጠብቃሉ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ማቲያስ እናቱ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሰው አምኖ ልኮኝ፣ ሰው ቤት ቆሜ፣ እንዴት አድርጌ። ይህን ነበር የማስበው። አሁን ስጽፈው ምክንያት ይመስላል። እዚያ ስቆም ግን ፍርሃት ብቻ ነበር።

“ታግባው” አልኩ።

እልልታው ወዲያው አልመጣም። ቆይቶ ወይዘሮ ብርቅነሽ ብቻቸውን አንድ ጊዜ እልል አሉ። ተቀመጡ ተባልን፣ ተቀመጥን።

ከዚያ ሮሐ ለምርቃት ወጣች። ነጠላ አደግድጋለች። የቄሱን መስቀል ተሳለመች፣ ጉልበታቸውን ሳመች፤ መረቋት። የጋሽ ስብሐትን ጉልበት ሳመች፤ መረቋት። ወደ እኔ መጣች። ተነሥቼ ላስቀራት ስል ጋሽ ስብሐት “ተው፣ ወጉ ነው” ብለው አስቀመጡኝ። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። አልተነሣችም፤ ምርቃቷን ትጠብቃለች።

እጄን ራሷ ላይ አደረግሁ። ነክቻት አላውቅም ነበር። ጸጉሯ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አባቴ ሲመርቅ የሚለውን አልኩ፤ ሌላ ምርቃት አላውቅም።

“እግዚአብሔር የልብሽን መሻት ይሙላልሽ።”

“አሜን” አሉ ቄሱ። “አሜን” አሉ ጋሽ ስብሐት፣ አባቷም፣ እናቷም ከጓዳ።

ሮሐ አሜን አላለችም።